ከመኪናው በፊት ሜዳው

ሶዶ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከተማዋ የተቀመጠችው ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነውና መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ባጃጅ ይህን ለምዶታል። በሪሞት የሚነዳ የአስፋልት መኪና ግን አይለምደውም፤ ሆዱ ከመሬት የሚርቀው አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቢለቁት በመጀመሪያው ስንጥቅ ይገለበጣል። ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የት ሊነዳው አስቧል?

ያገኘው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው እንበል፤ ሲሚንቶ፣ 28 ሜትር በ15። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ይህን ርዝመት በሦስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። 70 የሚሮጠው አንድ ሰከንድ ተኩል አይፈጅበትም። ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ አጥሩ ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፍጥነት እያየ የሚገዛ ሰው የሚገዛው መኪና ሳይሆን ግጭት ነው።

መጀመሪያ የምለውን መኪና ከመጫወቻ ሱቁ ሪሞት መኪና እንለየው። የሱቁ መኪና መሪ ወይ ሙሉ ለሙሉ ይታጠፋል ወይ ቀጥ ይላል፤ መሐል የለውም። ሲሰበርም መለዋወጫ የለውም። እኔ የምለው ግን መሪውም ነዳጁም ጣት በተጫነው ልክ የሚታዘዝ፣ እያንዳንዱ ብሎን ተፈቶ የሚታሰር ነው። የጣሊያኑ ኤሌትሮኒካ ጆካቶሊ በ1966 እ.ኤ.አ. አንድ ፌራሪ በሪሞት ሠርቶ ነበር። ይህን ዓይነት መኪና በዓለም ያስለመደው ግን የጃፓኑ ታሚያ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ፖርሽ 934ን በሪሞት አወጣ። ለዚያ ሞዴል ሲሉ እውነተኛ ፖርሽ ገዝተው ፈታትተዋል ይባላል፤ መኪና የሚወድ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል።

ዛሬ በብዛት የሚነዳው ቱሪንግ የሚባለው ነው። የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ ወርዱ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል። የአንዱ ቱሪንግ ከሌላው ልዩነቱ ኃይሉ ወደ ጎማ የሚደርስበት መንገድ ላይ ነው። ለውድድር የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በቺንጋ ይዞራል፤ ለስላሳና ቀልጣፋ ነው፣ ግን አንዲት ጠጠር ከገባች ቺንጋውን ትበላዋለች። ሌላው፣ ለምሳሌ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የታሚያ ቲቲ-02፣ መሐሉ ላይ በረጅም ዘንግ ይዞራል፤ ጥርሶቹም የተከደኑ ናቸው። የወላይታን ቀይ አፈር የሚያውቅ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። ሲገዛ የፕላስቲክ ቡሽ ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው፤ በቦታው የሚገባው ትንንሽ ኩሽኔታ ነው። በኩሽኔታ ጋሪ ቁልቁለት የወረደ ልጅ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ለቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን እኔ ከቱሪንግም ይልቅ ሚኒውን እመርጣለሁ። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ከ210 እስከ 239 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቱሪንጉ 257። አጭር በመሆኑ በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ እንኳን የሚሮጥ ይመስላል። የፊት ጎማው የሚጎትተው ለጀማሪ የዋህ ነው፦ ኩርባ ላይ ከፈጠነ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ነዳጁን ሲለቁለት ይመለሳል። የኋላ ጎማው የሚገፋው የታሚያ ኤም-06 ደግሞ ጭራውን ይጥላል። ታሚያ በዚህኛው ሻንሲ ላይ ቮልስ አውጥቷል፤ ሞተሩ እንደ ትልቁ ቮልስ ከኋላ ነው። ቮልስ ስል ልቤ እንደሚያዳላ አልደብቅም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ፎርሙላው ያምራል፤ ጎማው ገላጣ ስለሆነ ግን አንድ ምት ክንዱን ይሰብራል። አንድ አሥራ ሁለተኛው ስፖንጅ ጎማ አድርጎ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የሚሮጥ ነው፤ ደጅ አይወጣም። ድሪፍቱ ጎማው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ሆን ብሎ ይንሸራተታል፤ ፍጥነት ስለማይፈልግ ትንሽ የሊሾ በረንዳ እንኳን ይበቃዋል።

በነዳጅ የሚሠራውን የሚመኝ አለ፤ ድምፁና ጭሱ ያምረዋል። ነዳጁ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ነው እንጂ ከማደያ የሚቀዳ አይደለም። ሶዶ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩ በዚያው መጠን ይደክማል፣ ቅይጡም እንደገና መስተካከል አለበት። ኤሌክትሪኩን ከፍታው አያደክመውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. እውነተኛው የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ በትንሹም ቢሆን ምርጫዬ ያው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ አንድ ባትሪ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ይረፍ።

3000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከተራው ሞተር ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ያስነዳል። ቻርጀሩ በ12 ቮልትም የሚሠራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከትልቅ መኪና ባትሪ ይሞላል። ሊቲየም ከተገዛ ቮልቱ ሲወርድ መኪናውን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ይኑረው፤ ከልክ በላይ የተሟጠጠ ሊቲየም ይበላሻል፣ መልሰው ሲሞሉትም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን፣ ሲሚንቶው ሲደርቅ። መጥረጊያ ይያዝ፤ አሸዋ ላይ ጎማ አይነክስም። ከዚያ ሁለት የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ አቁሞ በስምንት ቅርጽ ማዞር ነው። ከእኛ ሲርቅ ቀላል ነው። ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር ግን ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቀን ባትሪ በሙሉ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።