የድብልቅ ጦርነት ተረቶችና እውነታዎች

ጦርነት ሳይታወጅ መብራት ይጠፋል፣ የባንክ አገልግሎት ይቋረጣል፣ ማን እንደለቀቀው የማይታወቅ ወሬ ከተማውን ያምሰዋል። የጦር ኃይልን፣ የሳይበር ጥቃትን፣ የሐሰት መረጃንና የኢኮኖሚ ጫናን አጣምሮ፣ ብዙ ጊዜም እጁን ደብቆ የሚካሄደውን ይህን ግጭት ባለሙያዎች ድብልቅ ጦርነት ይሉታል። ስለ መከላከያው የሚነገረው ባብዛኛው የተሻለ መሣሪያ የገዛ ይድናል ወደሚል ሐሳብ ያጋድላል። ያለፉት 20 ዓመታት ግን ሌላ ነገር አስተምረዋል። ጥቃትን ገና ከደጅ የሚያስቀር ቴክኖሎጂ ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚያዋጣው ከጥቃት በኋላ አገልግሎትን ቶሎ የሚመልስና የሆነውን በማስረጃ የሚያሳይ ነው። አራት የተለመዱ እምነቶችን በተጨባጭ ከደረሰው ጋር ብናስተያይ ይህ ግልጽ ይሆናል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ተረት 1፦ ድብልቅ ጦርነት የኮምፒውተር ጉዳይ ነው

እውነታው፦ ኮምፒውተሩ መንገድ ብቻ ነው፤ ዒላማው ሕዝብ በመንግሥቱና እርስ በርሱ ያለው መተማመን ነው። በኤፕሪል 2007 ኢስቶኒያ በዋና ከተማዋ በታሊን መሐል የቆመውን የሶቭየት ወታደር የነሐስ ሐውልት ስታነሣ፣ አብዛኞቹ ሩሲያኛ ተናጋሪ የሆኑ ተቃዋሚዎች የወጡበት ሰልፍ ወደ ሁከት ተለወጠ። በዚያው ሰሞን የፓርላማው፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ፣ የጋዜጦቹና የባንኮቹ ድረ ገጾች ከየአቅጣጫው በሚላክ የሐሰት ጥያቄ ብዛት ተጨናንቀው ለሦስት ሳምንታት ያህል ተፈተኑ። ዘዴው ረቂቅ አልነበረም፤ ያወደመውም ነገር እምብዛም ነው። ክብደቱ የመጣው ከወቅቱ ነው፤ ዜጎች በቋንቋና በታሪክ በተለያዩበት ሰዓት መንግሥትን አቅመ ቢስ ሊያስመስል ችሏል። ኢስቶኒያም መልሷን በአጥር ብቻ አልወሰነችም። በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን በአገር መከላከያ ሥር አደራጀች። የሕዝብና የመሬት መዝገብን ጨምሮ የዋና ዋና መዛግብቷን ቅጂ ደግሞ በሉክሰምበርግ፣ የኤምባሲ ዓይነት ከለላ ባለው የመረጃ ማዕከል አኖረች። ታሊን ያለው ሰርቨር ቢወድም እንኳ የዜጋው የቤት ባለቤትነት አብሮ አይጠፋም።

ተረት 2፦ ይበልጥ የዘመነ ሥርዓት ይበልጥ የተጠበቀ ነው

እውነታው፦ በዲሴምበር 23 ቀን 2015 ሰርጎ ገቦች የሦስት የዩክሬን የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅቶችን መቆጣጠሪያ ከርቀት ይዘው የ225,000 ያህል ደንበኞችን መብራት አጠፉ። የገቡት ለሠራተኞች በተላከ አሳሳች ኢሜይል ነበር። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች ወደ ጣቢያዎቹ ሄደው መስመሩን በእጃቸው ስላገናኙ ነው። በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርስክን የመርከብ ኩባንያ ኔትወርክ ሲያወድም፣ ለማገገሚያ እጅግ የሚያስፈልገው መረጃ ሳይነካ የተገኘው በጋና ቢሮው ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም የተረፈው መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበረ ነው። በ2024 ደግሞ የጂፒኤስ ምልክት በመታወኩ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ያህል አቋረጠ፤ የተመለሰውም ጂፒኤስ ሳያስፈልግ ማረፍ የሚቻልበት ዘዴ ሲዘጋጅ ነው። ታዲያ ወደ ኋላ እንመለስ ማለት ነው ወይ የሚል ይኖራል። አይደለም። ዲጂታል አሠራር የዕለት ሥራን ያቀላጥፋል፣ ብልሽትንም ቀድሞ ያሳያል። ስህተቱ አሮጌውን መንገድ ፈጽሞ መዝጋትና በእጅ መሥራት የሚችለውን ሠራተኛ ማሰናበት ነው። መርስክን ዕድል አትርፎታል፤ ሌላው ግን በዕድል ፈንታ በዕቅድ መዘጋጀት ይችላል።

ተረት 3፦ ብልሽት ሁሉ የጠላት እጅ አለበት

እውነታው፦ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ የባሕር ሥር ኬብል ብልሽቶች ይመዘገባሉ፤ አብዛኞቹን የሚያደርሱት የዓሣ ማጥመጃ መረብና የመርከብ መልህቅ ናቸው። በዲሴምበር 25 ቀን 2024 ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘው ኢስትሊንክ 2 የኤሌክትሪክ ኬብል ሲቋረጥ፣ የፊንላንድ ባለሥልጣናት መልህቁን ጎትቷል ያሉትን ኢግል ኤስ የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ያዙ። የተከሰሱት የመርከቡ መኮንኖች ሆን ብለን አላደረግንም አሉ፤ በኦክቶበር 2025 የሄልሲንኪ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ ክሱን ዘጋ። ከዚህ ተነሥቶ ጥንቃቄ ማብዛት ለአጥቂ መሸሸጊያ ይሰጣል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ተቃውሞው ፍሬ አለው። ሆኖም ያለማስረጃ መክሰስ ፍርሃትን ያበዛል፣ የመንግሥትንም ቃል ያረክሳል፤ ያ ደግሞ አጥቂው የሚፈልገው ነው። መውጫው ማስረጃን ማበርታት ነው፤ የመርከቦችን ጉዞ በሳተላይትና በራዳር መከታተል፣ በፋይበር ኬብሉ ውስጥ የሌዘር ብርሃን እየላኩ በአካባቢው የሚፈጠረውን ንዝረት ማዳመጥ ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን መታየት ያለበት ውጤቱ ነው። ሌላው ኬብል ኢስትሊንክ 1 ሥራ ላይ ስለነበረ ኢስቶኒያ በጨለማ አልተዋጠችም፤ ሦስቱ የባልቲክ አገሮችም በፌብሩዋሪ 2025 ከሩሲያ የኤሌክትሪክ መረብ ለመውጣት የያዙትን ዕቅድ ፈጸሙ።

ተረት 4፦ ሐሰተኛ ቪዲዮን ሶፍትዌር ይለይልናል

እውነታው፦ በማርች 2022 ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ ወታደሮቻቸው እጅ እንዲሰጡ ሲያዝዙ የሚያሳይ የተቀነባበረ ቪዲዮ ተሠራጨ። ከከሸፈባቸው ምክንያቶች አንዱ ጥራቱ ደካማ መሆኑ ነው። የዩክሬን መንግሥት ግን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሊመጣ ይችላል ብሎ ከሁለት ሳምንት በፊት ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ወዲያው በራሳቸው ቪዲዮ አስተባበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። መለያ ሶፍትዌር ይጠቅማል፤ ማቀነባበሪያው በተሻሻለ ቁጥር ግን እሱም መሻሻል አለበት፣ ፍርዱም ብዙ ጊዜ ወሬው ከተዛመተ በኋላ ይደርሳል። በሰላም ጊዜ እውነቱን ሲነገረው የኖረ ሕዝብ በክፉ ቀን ማስተባበያን ያምናል፤ ሲዋሽ የኖረን መንግሥት ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ከሕዝቡ ጋር አያስታርቀውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ወጪን ይመለከታል፤ ሁለተኛ ኬብልና የተባዛ መዝገብ የሀብታሞች ቅንጦት ነው ይባላል። ኢትዮጵያን የመሰለች የባሕር በር የሌላት አገር ግን ዓለም አቀፍ ኢንተርኔቷን የምታገኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ ጅቡቲ የሚደርሱት ኬብሎችም የሚያልፉት ግጭት በማይለየው ቀይ ባሕር አካባቢ ነው። በ2024 በየመን ሁቲዎች ሚሳይል ተመታ የተተወችው ሩቢማር የተባለች መርከብ መልህቋ ሲጎተት ሳያደርሰው እንዳልቀረ በተገመተ አደጋ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተቆርጠዋል። ኬብሎቹ ላይ ማንም ባያነጣጥር እንኳ ጉዳቱ ያው ነው፤ አማራጭ መስመር ደግሞ ከአደጋም ከአጥቂም እኩል ያድናል። ድሃ አገር አንድ ብር ሁለት ሥራ እንዲሠራላት ትሻለችና፣ ውድ የመከላከያ ሶፍትዌር ከመግዛቷ በፊት ሦስት ነገሮችን ትጠይቅ፦ መስመሩ ቢቆረጥ ሁለተኛው የት አለ? ኮምፒውተሩ ቢጠፋ በእጅ መሥራት የሚችለው ማን ነው? የሆነውን ለሕዝብ በማስረጃ የሚናገረውስ፣ የሚታመን ተቋም የትኛው ነው?