ውስጡን ለቄስ፦ ስለ ሮማ ወጥ ቤቶች የጭስ መሳቢያ

ሮማ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ብዙ ነገር አለው። ኮሎሴዎን ያያል፤ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ያያል፤ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ ከፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት አይቶ ይቆጭ ነበር (ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል)። ምግብ ቤት ሲገባ ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። የኔ እንጀራ የሚገኘው ማንም ቀና ብሎ በማያየው በዚያ ቦታ ስለሆነ፣ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ሥራዬ የምግብ ቤት ጭስ መሳቢያ ማጽዳት ነው። ጣሊያኖች መሳቢያውን «ካፓ» ይሉታል፤ ካባ እንደ ማለት ነው፣ ምድጃውን ከላይ ስለሚያለብሰው። የሮማ ሰው እራቱን በልቶ ሲበተን እኛ እንገባለን፤ የጠዋቱ ቡና ሳይፈላ እንወጣለን። «ምን ትሠራለህ?» ለሚለኝ ወገኔ «ካፓ አጸዳለሁ» ስለው ብዙ ጊዜ ሳህን ከማጠብ የተለየ አይመስለውም። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ጭሱ የት ይሄዳል?

የባላገር ጎጆ የጭስ መውጫ የለውም። ጭሱ በሣር ክዳኑ መሐል እየተጣራ ይወጣል፤ ጥቀርሻው ማገሩ ላይ ይቀራል። ሃያ ዓመት የጨሰበትን ጎጆ ጣሪያ ያየ ሰው ጭስ መንገዱ ላይ ምን ትቶ እንደሚሄድ ማንም አይነግረውም። ዘመናዊው የምግብ ቤት ካፓ ይህንኑ ጥቀርሻ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምድጃው በላይ ባለው ካፓ ውስጥ ማጣሪያዎች ይደረደራሉ። ጥሩው ማጣሪያ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሆኖ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ላሜራዎች ያሉት ነው። ጭሱ በላሜራዎቹ መካከል ሲጠማዘዝ፣ ከባዱ የቅባት ጠብታ ቶሎ መታጠፍ ስለማይችል ከብረቱ ጋር ይላተምና ወደ መቀበያው ቦይ ይንጠባጠባል። ረቂቁ ቅባት ግን እንደ እንፋሎት ሆኖ ያልፋል። ቱቦው ከምድጃው ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ቅባቱ እዚያ ይረጋል። በቱቦው ጫፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ላይ፣ ጭሱን የሚስበው ማራገቢያ አለ። የማራገቢያው ምላሶችም ቅባት ይለብሳሉ፤ ያኔ ሚዛኑን ይስትና መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

አዲስ ቅባት ለስላሳ ነው፤ በጨርቅ ይነሣል። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ሙቀትና አየር እየተፈራረቁ ይለውጡታል። መጀመሪያ እንደ ሙጫ፣ ቀጥሎ እንደ ዝፍት፣ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ቫርኒሽ ይሆናል። ስለዚህ የዓመት ቅባት ማጽዳት የወር ቅባት ማጽዳትን አሥራ ሁለት ጊዜ መድገም ማለት አይደለም፤ ከዚያ እጅግ የከፋ ነው።

ለምን ያስፈራል?

የምግብ ዘይት 370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ ይነዳል። ከመጥበሻ ላይ ብልጭ ያለ ነበልባል ማጣሪያው ላይ የተጋገረ ቅባት ካገኘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማራገቢያው ደግሞ ሥራው መሳብ ነውና ነበልባሉንም ይስበዋል። ከዚያ በኋላ ቱቦው በውስጡ ነዳጅ የተቀባ ረጅም ምድጃ ሆነ ማለት ነው። ብረቱ ሲግል በአጠገቡ ያለው እንጨት ነበልባል ሳይነካው ይያያዛል። በአሮጌው ሮማ የብዙ ሕንፃዎች ወለልና ጣሪያ የቆመው በእንጨት ወራጅ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

የዚህ እሳት ክፋቱ ተደብቆ መቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2007 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከኮርኒሱ በላይ ባለው የጭስ ቱቦ ሲብላላ የቆየ የቅባት እሳት ድንገት ፈንድቶ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ገድሏል። ሰዎቹ ሲገቡ ከታች ያለው ክፍል ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። ሞቱ ከራሳቸው በላይ ነበር።

የሮማ ነገር

ሮማ መጥበስ ትወዳለች። በአሮጌው የአይሁድ ሰፈር አርቲቾክ በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ ይፈካል፤ ሱፕሊ የሚባለው የሩዝ ድቡልቡል ይጠበሳል፤ ባካላ የሚባለው ዓሣም እንዲሁ። ካርቦናራና አማትሪቻና ደግሞ የሚጀምሩት የአሳማ ጉንጭ ስብ በማቅለጥ ነው። የእንጨት ምድጃ ያለው የፒሳ ቤት ሌላ ጣጣ አለበት፦ ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ ራሱ ይነዳል፤ ከእንጨቱም ፍንጣሪ ይነሣል። የእንጨት ምድጃው ጭስ ከመጥበሻው ጭስ ጋር በአንድ ቱቦ መገናኘት የሌለበት ለዚህ ነው።

ሌላው የቦታ ነገር ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ምግብ ቤት ይገባባቸዋል ተብሎ አይደለም። ስለዚህ የጭስ መውጫው («ካና ፉማሪያ» ይሉታል) በውስጠኛው ግቢ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ የአምስትና የስድስት ፎቅ ነዋሪዎችን መስኮት እያለፈ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ጎረቤት ይመጣል። የጣሊያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 844 ጭስና ሽታ ከተለመደው የመቻቻል ልክ ካለፈ ጎረቤት ማስቆም እንደሚችል ይደነግጋል። ስንት ምግብ ቤት በዚህች ቁጥር ፍርድ ቤት ተመላልሷል! ካና ፉማሪያ ማቆም ያልቻለ አንዳንዱ በከሰል ማጣሪያ ይጠቀማል። ከሰሉ ሽታን ይይዛል፤ ነገር ግን ቅባት ከደረሰበት ይደፈናል፤ አይታጠብም፣ ይለወጣል እንጂ።

የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ንጽሕና ደንብ (ቁጥር 852፣ 2004) የአየር ማስወጫ ማጣሪያዎችና መጽዳት ያለባቸው ሌሎች ክፍሎች እጅ በቀላሉ የሚደርስባቸው ሆነው እንዲሠሩ ያዛል። ሕጉ ይህን ሲል፣ የማይደረስበት ነገር እንደማይጸዳ አውቆ ነው።

ሌሊቱ እንዴት ያልፋል?

መጀመሪያ ጋዙ ይዘጋል፤ የማራገቢያው ኤሌክትሪክ ይቆረጥና ማንም እንዳያበራው ይቆለፋል። ጣሪያ ላይ እጁን ማራገቢያ ውስጥ የከተተ ሰው እያለ ታች ያለው ባልደረባ «አየር አጣን» ብሎ ቢያበራው የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ቀጥሎ ምድጃውና ጠረጴዛው በላስቲክ ይሸፈናል፤ ላስቲኩ እንደ ጎርፍ መውረጃ ወደ በርሜል እንዲያፈስ ተደርጎ ይታሰራል። ማጣሪያዎቹ ወጥተው በሙቅ ውሃና በመድኃኒት ይዘፈዘፋሉ።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ወፍራሙ ቅባት በመፋቂያ ይነሣል፤ መድኃኒት ይረጫል፤ ይጠበቃል፤ በሙቅ ውሃ ግፊት ይታጠባል። ቱቦው በየመታጠፊያው መፈተሻ በር ሊኖረው ይገባል፤ በነዚያ በሮች በኩል ክንዳችንንና ብሩሻችንን እናስገባለን። ቱቦው ሲያልቅ ጣሪያ ላይ ወጥተን ማራገቢያውን እንፈታለን። አዲስ አበባ ጋራዥ ያለፈ ልጅ እዚህ ላይ ይመቸዋል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ቱቦ እያለ ጣሊያንኛ ሳይማር ጣሊያንኛ ይናገራል።

የመድኃኒቱ ምሥጢር አሮጌ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ወይም መሰል ነገር ከቅባት ጋር ሲገናኝ ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ሳሙና የሆነው ቅባት ደግሞ በውሃ ይሄዳል። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት እንዶድ የሚያረፋው በሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ዓላማው ግን አንድ ነው፣ ውሃና ቅባትን ማስታረቅ። የሚገርመው ይኸው ጥበብ እሳትም ያጠፋል። ለወጥ ቤት ዘይት የተሠራው፣ በአውሮፓ «ኤፍ» የሚል ምልክት ያለበት ማጥፊያ፣ የሚነደውን ዘይት ገጽ ወደ ሳሙና አረፋ ለውጦ አየር ይከለክለዋል።

ኮስቲክ ሶዳ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ዓይን ያሳውራል፤ ቆዳ ይበላል። አሉሚኒየም ከነካ ብረቱን እየበላ ሃይድሮጂን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የማጣሪያውን ዓይነት ሳይለዩ መዘፍዘፍ አይገባም። ቅባት የጠጣ ጨርቅም ተጠቅልሎ ጥግ አይጣልም፤ በራሱ ሙቀት ሊነሣ ይችላል።

ውስጡን ለቄስ

የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና የማይታይ መሆኑ ነው። ካፓው ሲያብረቀርቅ ባለቤቱ ይደሰታል፤ ተቆጣጣሪው ያልፋል፤ ቱቦው ግን ውስጡን ለቄስ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት «ክንዳችሁ እስከደረሰበት ብቻ» እያለ ያሠራን ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን «ሙሉ በሙሉ ጸድቷል» የሚል ነው። ያ ወረቀት ከማጽዳቱ የባሰ አደገኛ ነው። ያላጸዳ ሰው ቢያንስ ይፈራል፤ ወረቀት የያዘ ሰው ግን ተማምኖ ይተኛል።

መለኪያው ምንድን ነው? የአሜሪካው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 96 የተባለው ደንብ በከሰልና በእንጨት የሚያበስል ቤት በየወሩ፣ ሌት ተቀን ወይም በብዛት የሚጠብስ ቤት በየሦስት ወሩ፣ መካከለኛው በየስድስት ወሩ፣ ጥቂት የሚያበስል በዓመት አንዴ እንዲፈተሽ ይላል። እንግሊዞች የቅባቱን ውፍረት ይለካሉ፤ በአማካይ 200 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስት እጅ አንዱ ከደረሰ መጽዳት አለበት ይላሉ። ደንቦቹ የጣሊያን ሕግ ባይሆኑም ቱቦው የቆመበትን አገር አይጠይቅም።

ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ አጽጂውን ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ የቱቦው ውስጥ ከመጽዳቱ በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ። ሁለተኛ፣ መፈተሻ በሮቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ሥዕል። ሦስተኛ፣ መድረስ ያልቻለበትን ቦታ በጽሑፍ። ሦስተኛውን በግልጽ የሚጽፍላችሁን ሰው ያዙት፤ ታማኝ ነው።

ለእኛ ወጥ ቤትና ለእኛ ልጆች

በተርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቁሌት ለሰዓታት ይንተከተካል፤ ጥብስ በኃይለኛ እሳት ይጮሃል። ንጥር ቅቤ እንደ ፈሳሽ ዘይት አይደለም፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ እንደ ሻማ ይረጋል። የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ውሃ ሆኖ ከቅባቱ ጋር ተመልሶ ይንጠባጠባል። ማጣሪያውን በየሳምንቱ ራሳችሁ እጠቡ፤ ቱቦውን ለባለሙያ ተዉ። እሳት ከተነሣ በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ አትድፉ፤ ጋዙን ዝጉ፣ ክዳን ድፉበት፣ ሰው አስወጡ፣ 112 ደውሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ነገር። የ2008ቱ የጣሊያን የሥራ ደኅንነት ሕግ (ቁጥር 81) ጓንት፣ መነጽርና ሥልጠና የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል፤ ችሮታ አይደለም። በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ፣ አሠሪው መዋጮውን ለኢናይል ባይከፍል እንኳ ሠራተኛው ካሣውን አያጣም፤ ይህ በ1965ቱ ሕግ የተደነገገ ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ቤቴ ወድቄ ነው» በሉ ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ። እውነቱን ተናገሩ። ያች አንዲት ቃል የዓይን ወይም የእጅ ዋጋ ልታሳጣችሁ ትችላለች።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት የሚቆጩበትን እሳት አይተው ነው። እንግዲህ ምግብ ቤት ስትገቡ አንዴ ቀና በሉ። ከካፓው ጠርዝ ቢጫ ጠብታ ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ለባለቤቱ በትሕትና ንገሩት። ቅር ሊለው ይችላል፤ ግን ከቅጠሉ ዘመን ነውና የነገራችሁት፣ ዋጋው ርካሽ ነው።

ቸር ያሰማን።