ቋንቋ መማር በዕድሜ ይወሰናልን? ስፓኒሽ ለመጀመር ለሚያስቡ አዋቂዎች

"ቋንቋ በልጅነት ነው፤ የእኔ ዕድሜ አልፏል።" ይህን አባባል ከብዙ ወገኖች አፍ እንሰማለን። ስፓኒሽ ለመማር ተነሣስተው፣ መጽሐፍ ገዝተው፣ ሁለት ሳምንት ሞክረው የተዉ ወንድሞችና እህቶችም ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነ፣ አማርኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ሲማር ምን እንደሚቀለውና ምን እንደሚከብደው፣ እንዲሁም ሐዋሳ ተቀምጦ እንዴት መጀመር እንደሚቻል እንመለከታለን።

ስፓኒሽ ለእኛ ምናችን ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ስፓኒሽ ከ450 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው። በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዷ ኢኳቶሪያል ጊኒ በእኛው አህጉር በአፍሪካ ትገኛለች። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሥራ ቦታና በጎረቤት ዘወትር ይሰሙታል። እንደ ጓቲማላና ሆንዱራስ ባሉ አገሮች ደግሞ ወንጌላውያን አማኞች የሕዝቡ ትልቅ ክፍል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የተካሄደው ኮሚባም የተባለው ጉባኤ፣ የላቲን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌልን ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ መልእክተኞችን ላኪም እንዲሆኑ ያነሣሣ ነበር። ከእነዚህ ወገኖች ጋር አብሮ ለማገልገል የሚያስብ ሰው ሁልጊዜ በአስተርጓሚ ሊኖር አይችልም።

ቋንቋው ለአገራችንም ፍጹም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ነበር፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የትግላችን ሐውልት የእነርሱም መታሰቢያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በተባለችው ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። የቀኑ ግማሽ ለትምህርት፣ ግማሹ ለእርሻ ሥራ ነበር። ስለዚህ ስፓኒሹን የተማሩት በክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። በእርሻው፣ በምግብ አዳራሹና በመኝታ ክፍሉም ጭምር ነበር እንጂ።

"እነርሱ ልጆች ነበሩ" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እንግዲህ ወደ ዕድሜው ጉዳይ እንግባ።

ዕድሜ ምን ያህል ይወስናል?

ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የአንድን ቋንቋ ሰዋስው እንደ ተወላጅ አድርጎ የመያዝ ችሎታ ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ፣ በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት አለ። ደች ቋንቋ መማር በጀመሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከትንንሽ ልጆች ይልቅ ጎረምሶችና አዋቂዎች ቀድመው መገኘታቸውን አመልክቷል።

ሁለቱ አይጋጩም። ልጅ ጊዜ ካገኘ ውሎ አድሮ እንደ ተወላጅ ይናገራል። አዋቂ ደግሞ ትርጉም ስለሚያውቅና ማወዳደር ስለሚችል አጀማመሩ ፈጣን ነው፤ ቃናው ግን እንግድነቱን ሊያሳብቅበት ይችላል። ታዲያ ቃናችን እንግድነታችንን ቢያሳብቅብን ምን ጎደለብን? ዓላማችን መግባባት ከሆነ በቂ ነው።

በታሪካችንም ምሳሌ አለን። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ሲደርስ ዕድሜው ወደ 40 የተጠጋ ነበር። በእምነት ትምህርቱ ባንስማማም፣ በዚያ ዕድሜው አማርኛና ግዕዝ መማሩ የታወቀ ነው። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን መልእክተኞችም እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ሲወርዱ አዋቂዎች ነበሩ፤ የሕዝቡን ቋንቋ የተማሩት ከሕዝቡ ከራሱ ነው።

ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ግን በራሳችን ከተማ አለ። አሞራ ገደል ወይም ገበያ ወርዳችሁ ተመልከቱ። በአማርኛ ዋጋ የሚጠራ፣ በሲዳሙ አፎ የሚከራከር፣ በወላይትኛ ከዘመዱ ጋር የሚቀልድ ሰው ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዳማ ክልል ሆኖ ሲዳሙ አፎ የሥራ ቋንቋው ከሆነ ወዲህም፣ ቋንቋውን በጉልምስና የሚማሩ አሉ። ገበያ ላይ ቋንቋ የተማረውን ሰው ማን ሰዋስው አስተማረው? ማንም። ቋንቋው ያስፈልገው ነበር፤ ተሳሳተ፤ ተሳቀበት፤ ግን ዕቃውን ሸጠ። በማግስቱም ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ብዙዎቻችንን የሚያስቀረን ዕድሜያችን ሳይሆን እፍረታችን ነው። ሽማግሌ፣ አገልጋይ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው እንደ ሕፃን ሲንተባተብ መታየት አይወድም። ልጅ በፍጥነት የሚማርበት አንዱ ምክንያት ይህ ሸክም ስለሌለበት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀሉ ነገሮች

1ኛ. ድምፆቹ። አማርኛ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፆች አሉት። ስፓኒሽ አምስት ብቻ ነው ያለው፤ እነርሱም ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው። ስለዚህ አዲስ አናባቢ አንማርም፤ ግዕዙንና ሳድሱን መተው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት "ኝ" እንኳ ለእኛ የቤታችን ድምፅ ነው። ቋንቋው ራሱ "ኤስፓኞል" ይባላል።

2ኛ. ማጥበቅና ማላላት። "ይመራል" የሚለውን ቃል "ረ"ን ካላላነው መንገድ ያሳያል ማለት ነው፤ ካጠበቅነው ጣዕሙ መራራ ነው ማለት ነው። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው። "ፔሮ" ሲላላ "ግን" ማለት ሲሆን፣ "ረ"ው ሲጠብቅና ሲርገበገብ "ውሻ" ማለት ነው።

3ኛ. ግሡ ባለቤቱን ይይዛል። "ተናገርኩ" ስንል "እኔ" ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ፣ "አብሎ" ማለት "እናገራለሁ"፣ "አብላስ" ማለት "ትናገራለህ" ወይም "ትናገሪያለሽ" ነው።

4ኛ. አክብሮት። "አንተ" እና "እርስዎ" ብሎ የሚለይ ሰው "ቱ" እና "ኡስቴድ" አይከብደውም። እንዲያውም "እርስዎ ይናገራሉ" እና "እሳቸው ይናገራሉ" ስንል ግሡ አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ የ"ኡስቴድ" ግስም ስለ ሦስተኛ ሰው ከምንናገርበት ግስ ጋር አንድ ነው።

አጻጻፉም እንደ እንግሊዝኛ አያደናግርም፤ ጥቂት ሕጎችን ካወቁ የተጻፈውን ማንበብ ይቻላል። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው "ኤች" ፊደል አይነበብም። የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል ጽፈን ለስፓኒሽ ተናጋሪ ብንሰጠው "አዋሳ" ብሎ ያነበዋል፤ የቀድሞ አጠራሯን ሳያውቅ ጠራት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው "ጄ" ደግሞ "ኸ" ይሆናል። ስለዚህ ኢየሱስ "ኼሱስ" ተብሎ ሲጠራ ብትሰሙ አትደንግጡ።

የሚከብዱ ነገሮች

የመጀመሪያው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። እኛ ግሡን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፦ "ወንድሜ መጽሐፍ ገዛ"። ስፓኒሹ "ሚ ኤርማኖ ኮምፕሮ ኡን ሊብሮ" ይላል፤ ቃል በቃል "የእኔ ወንድም ገዛ አንድ መጽሐፍ" እንደማለት ነው። በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል የሚለውጥ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል። መፍትሔው ነጠላ ቃላት ከመሸምደድ ይልቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መያዝ ነው።

ሁለተኛው ጾታ ነው። በስፓኒሽ ጠረጴዛ ሴት ነው፤ መጽሐፍ ወንድ ነው። እያንዳንዱን ስም ከፊቱ ከሚመጣው "ኤል" ወይም "ላ" ጋር አብሮ ማጥናት ይበጃል።

ሦስተኛው፣ እኛ "ነኝ" የምንለውን ስፓኒሽ በሁለት ግሥ ይከፍለዋል። "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ለማለት "ሶይ"፣ "ሐዋሳ ነኝ" ለማለት ደግሞ "ኤስቶይ" ይባላል። ማንነት ለብቻ፣ ያሉበት ቦታና ሁኔታ ለብቻ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ እንደ መማሪያ

የቤተ ክርስቲያን ሰው ሌላው ተማሪ የሌለው ሀብት አለው። ታሪኩን አስቀድሞ በቃሉ ያውቀዋል። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ በስፓኒሽ ሲያነብ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ፣ የማያውቃቸው ቃላት ራሳቸው ይገለጡለታል።

በስፓኒሽ ተናጋሪ ወንጌላውያን ዘንድ በስፋት የሚነበበው ሬይና ቫሌራ የሚባለው ትርጉም ነው። ካሲዮዶሮ ዴ ሬይና በሴቪያ አጠገብ የነበረ መነኩሴ ሲሆን፣ በተሐድሶ እምነቱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1557 ከአገሩ ሸሸ። ከ12 ዓመት ስደት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1569 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በባዝል አሳተመ። ሲፕሪያኖ ዴ ቫሌራ እ.ኤ.አ. በ1602 አሻሻለው። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው የ1960 እትም ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ይህ ትርጉም "እናንተ" ለማለት "ቦሶትሮስ" የሚለውን ይጠቀማል፤ በላቲን አሜሪካ መንገድ ላይ ግን የሚባለው "ኡስቴዴስ" ነው። ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ቃል ብቻ የተማረ ሰው ስለ ቅድስና ተናግሮ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ መጠየቅ ያቅተዋል። ስለዚህ የገበያና የቤት ቃላትም ይታከሉ።

እንዴት እንጀምር?

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠራተኞቹን በስፓኒሽ ለሥራ ብቁ ለማድረግ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለአማርኛ የሚመድበው 1,100 ሰዓት ነው። እኛ በቀን አንድ ሰዓት ብንሰጥ ለዚያ ያህል ሰዓት ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅብናል። ያለ አስተማሪ ከሆነም ከዚህ ሊረዝም ይችላል። በሁለት ወር ይጠናቀቃል ብሎ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ወር ያቆማል፤ ልኩን አውቆ የጀመረ ግን ይጸናል።

ጠዋት ሃያ ደቂቃ አንድ አጭር ክፍል በድምፅ ማዳመጥና ድምፁን ተከትሎ ጮክ ብሎ ማንበብ፤ ቀን በመንገድ ላይ የትናንቱን ዓረፍተ ነገሮች መከለስ፤ ማታ ደግሞ ስለ ውሎ አምስት ዓረፍተ ነገር መናገር። ክለሳውን በማግስቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ ማድረግ በአንድ ቀን አብዝቶ ከማጥናት ይሻላል። በስልክ የሚገኙት መማሪያዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅና የማያውቅ ሁለት ሰዎች ቢጣመሩ ይጠቃቀማሉ።

ከሁሉም በላይ ብቻችሁን አትማሩ። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። በዚያች ሰዓት የሚሳሳተውን ማንም አይሳቅበት፤ ከተሳቀም አብረን እንሳቅ። በሐዋሳ መንገድ ላይ ስፓኒሽ የሚያናግረን ሰው ባናገኝ እንኳ፣ ገበያችንን በቤታችን እንሠራለን ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ቀን አንድ ሰላምታ እንካችሁ፦ "ዲዮስ ሌ ቤንዲጋ፣ ኤርማኖ"። "እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ ወንድሜ" ማለት ነው፤ ለእህት ሲሆን "ኤርማና" ይባላል። የላቲን አሜሪካ አማኞች ሲገናኙ እንዲህ ይባባላሉ። እኛም ስንገናኝ የምንለው ይኸው አይደለምን? ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ልጆቹ ቢስቁ አትፈሩ፤ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።