የአክሊሉ ዘርፍ

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ የምእመናን ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በጃንጥላው፣ በካባውና በዲያቆናቱ አክሊል ላይ ነው። ፀሐይ ሲያገኛቸው የሚያብለጨልጩት የወርቅ መልክ ያላቸው ክሮች፣ በግንባር ዙሪያ የተንጠለጠሉት መርገፎች፣ በአክሊሉ ጠርዝ የሚዞሩት ጉንጉኖች በማን እጅ እንደ ተሠሩ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። እኛም በልጅነታችን አክሊል ደፍተን መስቀል ይዘን ስንወጣ አልጠየቅንም። የጠየቅነው አንድ ዓመት የአክሊላችን ዘርፍ በሰልፉ መካከል ተተርትሮ ዓይናችን ላይ በወደቀ ጊዜ ነው። ያን ዘርፍ መልሰው የሠሩልን በካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ስለ አሮን ልብሰ ተክህኖ ሲነገር፣ በመጠምጠሚያው ፊት የሚሆነው የወርቅ ቅጠል በሰማያዊ ፈትል እንዲታሰር ተለይቶ ተጽፏል። ወርቁን የሚይዘው ክሩ ነው። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 15 ደግሞ እስራኤል በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ የታዘዙት እርሱን እያዩ ትእዛዛቱን እንዲያስቡ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት በእምነት የዳሰሰችውም የጌታን የልብሱን ዘርፍ ነበር። ደብተራ ድንኳኗን የሠሩት ባስልኤልና ኤልያብ በስማቸው ተጠርተዋል፤ በዚያው በዘጸአት ምዕራፍ 35 ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ግምጃ በእጃቸው ፈትለው ያመጡት ሴቶች ግን ስማቸው አልተጻፈም።

አክሊል በቤተ ክርስቲያናችን የሰማዕታት ዋጋ ምሳሌ ነው። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ፣ የዲያቆናት አለቃ፣ ስሙ በጽርዕ ቋንቋ አክሊል ማለት ነው። በሥርዓተ ተክሊልም ሙሽሮች ይደፉታል። ነገሥታቱ ለአብያተ ክርስቲያናት አክሊል ሲያበረክቱ ኖረዋል፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የወርቅ አክሊል የብርጭቆ ዶቃ የተፈረጠበት ነው። ከጨለቆት ሥላሴ ጠፍቶ ሆላንድ የተገኘው ሌላው አክሊልም፣ አቶ ሲራክ አስፋው ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀው ካቆዩት በኋላ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። ብረቱ እንዲህ ዘመን ተሻግሮ ይገኛል። ክርና ሐር ግን ቀድሞ ያረጃል፤ ስለዚህ የዘርፍ ሥራ በየዘመኑ እንደ ገና መሠራት አለበት።

በጨርቅ የሚሠራው አክሊል አካሉ ከወፍራም ካርቶን ወይም ከጠንካራ ሸራ ተቀርጾ በከፋይ ይለበጣል። ጌጡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መርገፉን ለመሥራት ክር በካርቶን ቁራጭ ላይ ሠላሳ አርባ ጊዜ ተጠምጥሞ በላይ በኩል ይታሰራል፣ በታች በኩል በመቀስ ይቆረጣል፣ አንገቱም በሌላ ክር ይጠበቃል። ይህ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሠራው ነው። በጠርዙ የሚዞረውን ገመድ ለመግመድ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አሥር አሥራ ሁለት ክር በአንድነት ተይዞ አንዱ ጫፉን ጨብጦ ሲቆም ሌላው ያከረዋል። እጅግ ሲከር መካከሉ ይያዝና ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ ክሩ በራሱ ላይ እየተጠመጠመ ገመድ ይሆናል።

ዛሬ ፋብሪካ የሠራው ዘርፍ በጥቅል ይሸጣል። በቀደመው ዘመን ወርቀ ዘቦ የሚባለው በሐር ላይ የተጠመጠመ፣ በወርቅ የተለበጠ የብር ጥብጣብ ነበር፤ የሕንዷ ሱራት ከተማ እስከ ዛሬ በዚህ ሙያ ትታወቃለች። አሁን በየገበያው የሚገኘው ግን በአብዛኛው ቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተነጠፈ አልሙኒየም ነው። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ አቅም የሌለው አጥቢያም ዘርፍ ያለው አክሊል ሊያገኝ ችሏልና ይህን መንቀፍ አይገባንም። በሙጫ ተለጥፎ የጥር ፀሐይ ሲመታው የሚላላውን ግን በዓይናችን ስላየን አናመሰግነውም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ‹‹ኢንቺስ›› ቤቶች ነው። በዙሪያቸው ያደገው መንደር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲነሣ እኒያ እናትም ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። ለጥር 15 የቅዱስ ቂርቆስ በዓል የሚደርስ አንድ አሮጌ አክሊል ይዘን አድራሻቸውን ጠያይቀን ሄድን። ከዕድሜያቸው በቀር የተለወጠ የለም ብለን ነበር። ገመዱን አብረዋቸው ያከሩ የነበሩት ሁለት ጎረቤቶች ግን አንዷ በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላዋ በሌላ አቅጣጫ ሄደዋል። የክሩን ጫፍ ከሰገነቱ ብረት ላይ አስረውት አገኘናቸው።

‹‹ብረት ይይዛል እንጂ አይሰማውም›› አሉን። ‹‹ሰው ሲሆን ክሩ ሊበጠስ ሲል በእጁ ያውቀዋል፤ ትንሽ ያላላል። ብረቱ ዝም ብሎ ያስበጥሰኛል።›› ከእግራቸው ሥር የተበጣጠሰ ክር ተከምሮ ነበር።

ቡናው እስኪፈላ ብለው ጫፉን ፈትተው ሰጡን። ‹‹እንዲህ አይደለም፤ ሳብ አድርገህ ያዝ፣ ልጄ›› አሉ። የመጀመሪያውን አጥብቀን በመያዛችን በጠስነው። ሁለተኛውን ስንፈራ አላላነውና ተቋጠረ። እርሳቸው አልተቆጡም፤ ‹‹ቄስ ትምህርት ቤትስ በአንድ ቀን ነው እንዴ ፊደል የቆጠርኸው?›› ብለው ሌላ አሥራ ሁለት ክር ለኩ። ሦስተኛው ገመድ ሆነ።

አክሊሉ ተጠናቆ ለበዓሉ ደረሰ። በስተግራ በኩል ቀርቦ ለተመለከተው ጥቂት ላላ ብሎ የሚታየው እኛ የያዝነው ነው።