እኔ ጋ ይሠራል፤ እነሱ ጋ ለምን እምቢ አለ?

ለሥልጠና የተዘጋጀ ስላይድ በሲዲ ተገልብጦ ለሠልጣኞች ታደለ እንበል። አዘጋጁ ቢሮው ሆኖ ሲሞክረው ቪዲዮው ይከፈታል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ቁልፉ ሲጫን የኤክሴሉ ሰንጠረዥ ይመጣል። ሲዲው ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን የሚታየው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ቪዲዮው አይነሣም፣ ሊንኩ ሲነካም ፋይሉ እንዳልተገኘ የሚገልጽ መልእክት ብቅ ይላል። ወቀሳው በመጀመሪያ ሲዲው ላይ፣ ቀጥሎ የተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። ነገሩ የተበላሸው ሲዲው ከመገልበጡ በፊት፣ ሊንኩ ሲሠራ ነው።

ስላይድ ላይ የሚታየው ሁሉ የስላይዱ ፋይል ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ፓወር ፖይንት ቪዲዮን ወይም ድምፅን የሚይዝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፋይሉን ራሱን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ስላይዱ መጠኑ ይጨምራል፣ የትም ሲሄድ ግን ቪዲዮውን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ቪዲዮውን ባለበት ትቶ አድራሻውን ብቻ መመዝገብ ነው። ሊንክ የምንለው ይህን ነው። በ2007ቱ ፓወር ፖይንትና ከዚያ በፊት በወጡት፣ ቪዲዮ የሚያዘው ሁልጊዜ በአድራሻ ነበር። ድምፅም ቢሆን፣ ቅንብሩ ካልተነካ በቀር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ዌቭ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ከ100 ኪሎባይት ካልበለጠ ብቻ ነበር። ከ2010ሩ ወዲህ ቪዲዮ በራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ይሁንና ወደ ሌላ ሰነድ የሚወስዱ ቁልፎች፣ ከኤክሴል ጋር የተሳሰሩ ሰንጠረዦችና ሆን ተብሎ በሊንክ የገቡ ቪዲዮዎች ዛሬም የሚያዙት በአድራሻ ብቻ ነው።

ይህን አድራሻ በዓይን ማየት ይቻላል። ከ2007 ጀምሮ የመጣው ፒፒቲኤክስ የሚባለው የፋይል ዓይነት ውስጡ ሲታይ ዚፕ ነው። የስላይዱን ቅጂ ውሰዱና ከስሙ መጨረሻ ያለውን ፒፒቲኤክስ በዚፕ ተኩት። ሲከፈት በርካታ ፎልደሮች ይወጣሉ፤ «ፒፒቲ» የሚለው ውስጥ «ስላይድስ»፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «ሬልስ» የሚባል አለ። እዚያ ለእያንዳንዱ ስላይድ በኖትፓድ የሚከፈት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ታገኛላችሁ። «ታርጌት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተጻፈው አድራሻው ነው፤ የሚፈለገው ነገር ከስላይዱ ውጭ ከሆነ አጠገቡ «ኤክስተርናል» ተብሎ ተጽፏል። አድራሻው የፋይሉን ስም ብቻ ከያዘ መልካም ነው። ከሲ ድራይቭ ተነሥቶ የባለቤቱን የተጠቃሚ ስም፣ ቀጥሎ ዴስክቶፑን፣ ከዚያም ሌላ ፎልደር እየጠራ የሚሄድ ከሆነ ግን በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

ስም ብቻ የያዘው አንጻራዊ አድራሻ፣ ከሲ ድራይቭ የሚነሣው ሙሉ አድራሻ ይባላል። ሙሉ አድራሻ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ጠቅሶ ቤት እንደ መጠቆም ነው፤ አንጻራዊው «ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው» እንደ ማለት። ሰፈሩ እንዳለ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቢሰፍር የቤት ቁጥሩን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ባዶ መሬት ላይ ይደርሳል፤ ጎረቤቱ ግን አሁንም ከጎን ነው። ወደ ሲዲ የተገለበጠ ስላይድም ቦታ ለውጧል። የአዘጋጁ ዴስክቶፕ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ የለም። የድራይቭ ፊደልም ቢሆን አይታመንም፦ ሲዲ ማንበቢያው በአንዱ ላፕቶፕ «ዲ»፣ ሃርድ ዲስኩ በተከፋፈለበት በሌላው «ኢ» ወይም «ኤፍ» ይሆናል። ፊደሉን ዊንዶውስ የሚሰጠው እንደየማሽኑ ስለሆነ «ዲ» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ ቢሠራ በዕድል ነው።

አዘጋጁ ሞክሮ ያለፈው ፈተና ለምን አታለለው? ሲዲውን የራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ከትቶ ሲከፍተው ስላይዱ የተነሣው ከሲዲው ነው፤ ቪዲዮው ግን የመጣው በሙሉ አድራሻው ተመርቶ ከዚያው ከሃርድ ዲስኩ ነው። ሲዲው ላይ ቪዲዮው ጭራሽ ባይኖር እንኳ ይከፈት ነበር። ስለዚህ ስላይዱ በተሠራበት ማሽን ላይ የሚደረግ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም። ሌላ ኮምፒውተር ካልተገኘ ቀላል ዘዴ አለ፦ ዋናዎቹ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ስም ለጊዜው ለውጡና ሲዲውን ክፈቱ። የሚሠራው ሊንክ ሁሉ በእርግጥ ሲዲው ላይ ያለ ነው፤ የማይሠራው ደግሞ ራሱን አጋለጠ።

የስም ጣጣ

አድራሻው ትክክል ሆኖ ስሙ ሊለወጥ ይችላል። ለሲዲ የፋይል አደረጃጀት የወጣው አይኤስኦ 9660 የተባለው ደረጃ የ1988 ነው። በመጀመሪያው እርከኑ የፋይል ስም ከ8 ፊደል አይበልጥም፤ ከነጥቡ በኋላ የሚጨመረውም 3 ብቻ ነው። የሚፈቀዱት የላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ አኃዞችና የታች ሰረዝ ናቸው፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲገባም ከ8 ደረጃ አያልፍም። በዚህ ሕግ የተጻፈ ሲዲ ረጅሙን ስም ያሳጥራል፣ የግእዝ ፊደልን ጨርሶ አይቀበልም፤ ስላይዱ ውስጥ ያለው አድራሻ ግን አሮጌውን ስም እንደያዘ ነው። ማይክሮሶፍት ያመጣው ጆሊየት የሚባለው ማስፋፊያ እስከ 64 ፊደል የሚደርስ ስም በዩኒኮድ ይፈቅዳል። ሲዲ ሲገለበጥ ጆሊየት መመረጡን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአማርኛ ስም ለሚሰጥ ሰው ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለ። «ሥልጠና» እና «ስልጠና» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን «ሥ» እና «ስ» የተለያየ ቁጥር ስላላቸው ለኮምፒውተሩ ሁለት ባዕድ ስሞች ናቸው። ባልደረባችሁ «ሐኪም» የሚለውን የፋይል ስም «ሀኪም» ብሎ ካስተካከለው ሊንኩ ተበጠሰ። የመሰላል ምልክትም (#) በፋይል ስም ውስጥ ቢገባ ፕሮግራሙ ከምልክቱ በኋላ ያለውን በሰነዱ ውስጥ ያለ ቦታ አድርጎ ስለሚወስደው ፋይሉን ያጣዋል። ከሁሉም የሚሻለው አጭር፣ በላቲን ትንንሽ ፊደል የተጻፈ፣ ክፍት ቦታ የሌለበት ስም ነው።

ሊንክ ሳይሆን ሊንክ የሚመስለው

ሁሉም ችግር የአድራሻ አይደለም። ሊንክ በተራ ጠቅታ የሚሠራው ስላይዱ በማሳያ ገጽታ ላይ ሲሆን ነው፤ በማረሚያ ገጽታ ላይ አንዴ መንካት የትም አይወስድም። ፋይሉ ተገኝቶ ካልተጫወተ ችግሩ ኮዴክ ነው፦ ተቀባዩ ኮምፒውተር ቪዲዮው የታመቀበትን ዘዴ አያውቀውም። ለ2007ቱ ፓወር ፖይንት ደብልዩኤምቪ፣ ከ2013ቱ ወዲህ ደግሞ ኤምፒ4 ይመረጣል። ቪዲዮው እየተቆራረጠ ከሄደ ፍጥነቱን ጠርጥሩ፤ የሲዲ መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው፣ ከዚያ የሚፈጥነውም ማንበቢያ ቢሆን ዲስኩ ቆሞ ከነበረ እስኪሽከረከር ጊዜ ይወስዳል። የኤክሴል ሰንጠረዥ ቢታይም ቁጥሩ የማይታደስ ከሆነ የምታዩት መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ምስል ነው፤ ምንጩ ጠፍቷል።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ቪዲዮውን፣ ድምፁንና ሰነዶቹን እዚያ አስገቡ፤ ባዶውን ስላይድ እዚያው ሴቭ አድርጉ። ሊንክ መሥራት ከዚህ በኋላ ነው። ስላይዱና ፋይሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ካሉ ፓወር ፖይንት ስሙን ብቻ ይመዘግባል። ቀድሞ የተሠራ ስላይድ ከሆነ ፋይሎቹን ወደዚያ ሰብስቡና ሊንኮቹን እንደ አዲስ ሥሩ። ከ2003ቱ ጀምሮ በዊንዶውሱ ፓወር ፖይንት ውስጥ «ፓኬጅ ፎር ሲዲ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የተሳሰሩትን ፋይሎች ከስላይዱ ጋር ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባል። መጀመሪያ ወደ ፎልደር እንዲሰበስብ አድርጉና የሚፈለገው ሁሉ መኖሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ከኤክሴል የመጣ ሰንጠረዥ መታደስ የማያስፈልገው ከሆነ ትስስሩን ቆርጣችሁ ምስሉን ማስቀረት ይበጃል።

ሲዲ ማንበቢያ የሌለው ላፕቶፕ በበዛበት ዘመን ይህ ያረጀ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ዲስኩ በፍላሽና በቴሌግራም ቢተካም ስሕተቱ ግን አልተለወጠም። በቴሌግራም ስላይዱን ብቻ የላከ ሰው በሊንክ የተያዘውን ቪዲዮ ቤቱ ትቶታል። ዚፕ ተደርጎ የመጣውንም ሳይፈቱ ከውስጡ ስላይዱን ጠቅ ቢያደርጉት ዊንዶውስ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር አውጥቶ ይከፍተዋል፤ ጎረቤቶቹ ዚፑ ውስጥ ይቀራሉ። መጀመሪያ ዚፑን መፍታት፣ ከዚያ መክፈት ነው።

ፍላሽ ላይ ያለ ስሕተት ተመልሶ ይታረማል። ሲዲ-አር ግን ጨረሩ ቀለሙን አቃጥሎ የሚጽፍበት ስለሆነ የተጻፈው አይታረምም፤ የተበላሸ ሊንክ ያለበት ዲስክ ተጥሎ እንደገና ይጻፋል። ስለዚህ መቶ ሲዲ ከመገልበጣችሁ በፊት አንዱን ብቻ ገልብጡ፤ ስላይዱን አይቶ በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ሊንኮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ንኩ። ሁሉም ከሠሩ የቀረውን ገልብጡ።