ወንጪ፦ ቁልቁል የሚጀምር ተራራ

ገንፎ ሲቀርብ አይታችኋል። ዙሪያው ተድቦልቡሎ ከፍ ይላል፣ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ በጉድጓዱ ውስጥ ቅቤና በርበሬ ይፈስስበታል። አሁን ገንፎውን ቁመቱ ወደ 3,400 ሜትር የሚጠጋ ተራራ አድርጉት። በቅቤው ቦታ ሰማያዊ ውኃ ሙሉበት። በውኃው መሃል ደሴት፣ በደሴቱ ላይ ደግሞ የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አስቀምጡ። ወንጪ ይህን ይመስላል።

ሐይቁ ያለው በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሁለቱም ከተሞች በኩል ይገባል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ስሙ ከተጠራ ወዲህ ያልሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶታል። ወዳጆቼ ግን ስለ ሽልማቱ አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እኔ እችለዋለሁ?» አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዷ አራስ ነበረች፣ ሌላው ከባሕር ማዶ ለሦስት ሳምንት ብቻ የመጣ ነው። መልሴ ለሁሉም «አዎ» ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ወንጪ እንደ ሌሎቹ ተራሮች አይደለም።

እንጦጦ ወይም ዝቋላ ስትሄዱ መጀመሪያ ትወጣላችሁ። ሲደክማችሁ ትቆማላችሁ፣ ካልቻላችሁ ትመለሳላችሁ፤ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ ምንም አትሆኑም። ተራራው ገና ከጅምሩ አቅማችሁን ይነግራችኋል። ወንጪ ላይ ይህ ይገለበጣል። መኪናው አፋፉ ላይ ያወርዳችኋል። ሐይቁ ከእግራችሁ ሥር ያበራል፣ መንገዱ ቁልቁል ይጠራል፣ እግርም ሳይጠየቅ ይሄዳል። ዳገቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እናንተ ስትደክሙ፣ ፀሐይም ስትበረታ። ስለዚህ ወንጪ ላይ መንገድ የሚመረጠው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ነው።

ይህን ያስተማረኝ ፈረስ የሚስብ ልጅ ነው። እቴቴን ይዤያት ሄጄ ነበር፤ ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷም አያስተማምንም። ከመኪና እንደወረድን ፈረስ ልከራይላት ስል ልጁ ራሱ ከለከለኝ። «እማማ ሲወርዱ ቀስ እያሉ በእግራቸው ይውረዱ፤ ፈረሱ የሚያስፈልጋቸው ሲወጡ ነው» አለኝ። ገረመኝ፤ ገንዘቡን እየገፋ ነበርና። ግን ልክ ነበር። ቁልቁለት ላይ የፈረስ ጀርባ ወደ ፊት ይዘነበላል፤ ያልለመደ ሰው ክብደቱን ሁሉ በእርካቡ ላይ ይጥልና ጉልበቱ ይብሱን ይታመማል። እቴቴ ምርኩዟን ይዛ፣ እያረፈች፣ በመንገድ ዳር ያለውን እንሰት እየነካካች ወረደች። ልጁ ፈረሱን ባዶውን እየሳበ ከኋላችን ተከተለ። ስትመለስ ግን በኮርቻ ላይ ሆና እኔን ጥላኝ ሄደች።

እንዲህ ያለ ፈረስ ስትይዙ አራት ነገር አትርሱ። ዋጋውን ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ታች ሆኖ መከራከር ለሁለታችሁም አይመችም። ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻው በፈረሱ ሆድ ሥር የታሰረበትን ጠፍር እንዲያጠብቅላችሁ ጠይቁ፤ በመንገድ ላይ ይላላል። ዳገቱን ስትወጡ ወደ አንገቱ ጎንበስ በሉ፤ ምናልባት መውረድ ካለባችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ቀና በሉ። ልጓሙን ለባለቤቱ ተዉለት፤ ፈረሱ እያንዳንዷን ድንጋይ ያውቃታል።

ዳገቱ ለምን ያን ያህል ይከብዳል? ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 75 በመቶ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም፤ ደሙ ለምዶታል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ትናንት ማታ የገባ ዘመዳችሁ ግን ሊያዞረው፣ ራሱን ሊያመው ይችላል። ለእሱ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ቆይቶ መሄድ ይሻለዋል። አካሄዱንም ላስተምራችሁ፦ እየሄዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው፤ በየቃሉ መቆራረጥ ከጀመራችሁ ቀንሱ። ሮጥ ብሎ ቆሞ ከማለክለክ እንደ ጭነት አህያ በአንድ እርምጃ መሄድ ይበልጣል።

ለመሆኑ ጭራሽ መውረድ የማይፈልግ ሰውስ? አፋፉ ራሱ ይበቃዋል፤ ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም። ሐይቁን ሙሉውን፣ ደሴቱን፣ ከዳርቻው እስከ ቁልቁለቱ የተሰፋውን የገብስ ማሳ የሚያየው ከላይ ያለ ሰው ነው። ታች የወረደማ የሚያየው የሐይቁን አንድ ጠርዝ ብቻ ነው። በአፋፉ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብዙ ሳይወጡ ሳይወርዱ መራመድ ይቻላል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ አዛውንት፣ ከቀዶ ሕክምና ያገገመ ሰው እዚያ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ አይቆጨውም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት የእግር መንገዶች አፈርና ድንጋይ ናቸው፤ ጎማ አይሄድባቸውም። መኪናው በሚቆምበት አካባቢ ያለው እይታ ግን ከማንም አያንስም።

መካከለኛ አቅም ያለው ሰው እስከ ውኃው ይውረድ። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመውረድ አንድ ሰዓት፣ ለመውጣት ግን እጥፉን አስቡ። ታች ጀልባ አለ። ወደ ደሴቱ የሚወስደው መንገድ አጭር ቢሆንም የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ፤ ውኃው ጥልቅና ቀዝቃዛ ነው። ቂርቆስ ስትደርሱ ነጠላ ያላችሁ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፤ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ ሰዎች ለጸሎት ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ ብትታገሡኝ ደስ ይለኛል። ጀልባው በማዶ ያወርዳችሁና ወደ ሸለቆው ትገባላችሁ። እዚያ በውኃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ አለ፣ ፍል ውኃ አለ፣ ከምድር እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ እንደ አምቦ ያለ ውኃም አለ። ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ወንጪ ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር። ከሥሩ የነበረው የቀለጠ ዐለት ፈንድቶ ሲወጣ ውስጡ ባዶ ቀረ፤ የተራራው አናት የሚሸከመው አጥቶ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ያ ጉድጓድ በዝናብና በምንጭ ሞልቶ ሐይቅ ሆነ። ሙቀቱ ግን ከሥር አልበረደም። ወደ መሬት የሰረገው ዝናብ ጥልቁ ላይ ከሙቀቱ ይገናኛል፣ ከዐለቱ ማዕድን ይሟሟበታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ ግፊቱ ወደ ላይ ሲመልሰው የታፈነው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። አምቦ ውኃ ጠርሙሱ ሲከፈት «ጭስ» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እጃችሁን በምንጩ ውስጥ ስትነክሩ የምታገኙት የተራራውን ትንፋሽ ነው። ይህን ሙሉ ዙር ለማድረግ ቀኑን ሙሉ መስጠት ያስፈልጋል፤ እግራችሁም የለመደ ይሁን።

መንገዱ የሚያልፈው በሰው ጓሮ መሆኑን ልብ በሉ። ያ ለምለም እንሰት የአንድ ቤት የዓመታት ቀለብ ነው፤ ቅጠሉን ለፎቶ ብላችሁ አትስበሩ። የአካባቢው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላም ስትሉት ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ፣ ስትለዩ ደግሞ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ። መንገድ መሪውንም ፈረሱንም ከአካባቢው ሰው ያዙ፤ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

ክረምት ላይ አልመክርም። ጭጋጉ ሐይቁን ይሸፍነዋል፣ ጭቃውም ያንሸራትታል። መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ አረንጓዴው ሳይደርቅ በፊት ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ የበቃችሁ ሹራብ እዚያ አይበቃም፤ ጋቢ ያዙ። ፀሐዩም ከፍታው ላይ ስለሚያቃጥል ባርኔጣ አይቅር። የጫማው ሶል ጥርስ ያለው ይሁን።

ወንጪን አይታችሁ ካልጠገባችሁ ጎረቤቱ ደንዲ አለ፤ እሱም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው፤ ከላይ ሲታይ ሁለት ክብ ሐይቆች በጠባብ አንገት ተያይዘው ስምንት ቁጥርን ይመስላሉ። የሚሄድበት ሰው ጥቂት ስለሆነ ጸጥታ ለምትወዱ ይስማማችኋል። እቴቴ ስትመለስ ከኮርቻዋ ሳትወርድ «የዚያኛውስ ዳገት በየት በኩል ነው?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። እኔ ገና ግማሽ ዳገት ላይ፣ ኪሴ ውስጥ የቀረችውን ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር።