የሰው ብዛትና የጦርነት ፍርድ

ስለ ጦርነት ሲወራ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ስንት ጦር አሰለፈ?» የሚል ነው። ታሪክ ግን ለቁጥር ያን ያህል ዋጋ አይሰጥም። ለዚህም ከዋግ ምድር የተነሡ አንድ ንጉሥ ምስክር ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ፣ የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ዙፋኑን ያዙ። የትግራዩ ካሣ ምርጫ ግን አልገብርም አሉ። ሁለቱ ባዕዳን አልነበሩም፤ የካሣ እኅት ድንቅነሽ የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ነበሩ። አማችነቱ ግን ጦሩን አላስቀረውም።

ተክለ ጊዮርጊስ 60,000 ያህል ሰው አስከትለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። የካሣ ጦር 12,000 ያህል ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ገጠሙ። ብዙው ጦር ተፈታ፤ ንጉሡም ተማረኩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ሞቱ። ካሣም በጥር 1864 ዓ.ም አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሣ መንገድ ሰጥተውት ነበር። ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ከነጥይቱ ትቶላቸው ሄደ። ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነ። እንግዲህ የአሳም ውጊያ ገና ሳይጀመር ከ3 ዓመት በፊት ወደ አንዱ ወገን አዘንብሎ ነበር። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ሠራዊት የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ስለሆነ፣ በበዛ ቁጥር ያረፈበትን አገር ቶሎ ያራቁታል፤ ብዛቱ ራሱ ሸክም ይሆናል።

የሁነይን ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ 12,000 ሆነው የወጡት ሙስሊሞች መካከል በብዛታቸው የተደነቁ ነበሩ። በሸለቆው ያደፈጠው ጠላት ድንገት ሲወርድባቸው ግን አብዛኞቹ ሸሹ። ውጊያው የተቀለበሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጥቂቶች ጋር ጸንተው የሸሹትን መልሰው ባሰባሰቡ ጊዜ ነው። አሳም ላይ ጥቂት የተባለው 12,000፣ ሁነይን ላይ ብዙ ተብሎ ነበር።

ዋግ ከዚያ ወዲህም አላረፈችም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ጽጽቃ ካለችበት ከዝቋላ ወረዳ ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለው ሰቆጣ ተጠለሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ያልታረሰው ማሳና የተበተነው ቤተሰብ ግን በፊርማ ብቻ አልተመለሰም።

ውድ ወጣቶች! «እኛ እንበዛለን» የሚል ፉከራ ስትሰሙ የአሳምን ውሎ አስታውሱ። ወላጆችም ለልጆቻችሁ ስለ ድንቅነሽ ንገሯቸው። ያን ቀን ማንም ቢያሸንፍ ኀዘኑ ወደ እርሳቸው ቤት መግባቱ አይቀርም ነበር፤ አንዱ ባላቸው፣ ሌላው ወንድማቸው ነበሩና።